ያልገባ አይወጣም

ፊቱ የቆመውን ሰው «በእውነት አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የቢሮ ጸሐፊ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ካለው ፓስፖርት ቢሮ አገኘሁት። ጨርቅ ነጋዴው ሽማግሌ አው ዩሱፍ ለሐጅ ጉዞ ፓስፖርት ፈልገው አብሬያቸው ሄጄ ነው።

«ሐረር መቼ ገቡ?» አላቸው።

«ወላሂ አልገባሁም። እዚሁ ጀጎል ግንብ ውስጥ ተወለድኩ።»

«ታዲያ ያልገባ ሰው እንዴት ይወጣል?»

እንግዲያው ይግቡ አልኩና ሽማግሌውን በግንቡ ኤረር በር አስወጥቼ መልሼ አስገባኋቸው። ግንቡ ራሱ ያፈረ መሰለኝ። ጸሐፊው ግን ደስ ብሎት «ዛሬ የገቡ የውጭ አገር ሰው» ብሎ ጻፈ። ለውጭ አገር ሰው ደግሞ የኛ ፓስፖርት የለም!

አው ዩሱፍ አልተቆጡም።

«ልጄ፣ የውጭ አገር ሰው እዚህ ቤት ማከራየት ይችላል?»

«በጭራሽ! ሕግ አለ!»

«እንግዲያው ዕቃህን ከቤቴ አውጣ።»

ለካ ተከራያቸው ኖሯል! ሰፈር ሲያገኛቸው «አባቴ» የሚላቸው ሽማግሌ ቢሮ ሲገቡ ማን እንደሆኑ ጠፍቶበት ነበር። ጸሐፊው ወረቀቱን ቀዶ፣ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ማህተሙን ሲመታው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

አው ዩሱፍ መካ ሄዱ። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው፦ የሚያከራየው ቤት የሌለው ሰው የየት አገር ሰው ነው?