ሪፈር የተባለው ልብስ ሰፊ

የእንግሊዝኛ ቃላት እኛ አገር ሲገቡ ምን እንደሚነካቸው እንጃ። ባሕር ማዶ ሥራቸውን አክብረው የሚኖሩ ጨዋ ቃላት እኛ ዘንድ ሲደርሱ ጠባያቸው ይለወጣል። «ሪፈር»ን ተመልከቱ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና «የተሻለ ወደሚያውቅ መምራት ማለት ነው» እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድም ሰው ገድሎ አያውቅም።

ከክፍል ወጥቼ ከሚሴ ገበያ ስገባ ግን ሌላ ነው። «እገሌ ሪፈር ተባለ» ሲባል ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። በሽተኛው ደሴ ከመሄዱ በፊት ጎረቤቱ ሁሉ እየሄደ «አፉ በለኝ» ይለዋል፤ ምናልባት ባንገናኝ፣ የበደልኩህን ይቅር በለኝ ማለት ነው። ደግ ልማድ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ጎረቤቴ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ጊዜ ሱሪዬን ከልክ በላይ አሳጥሮብኝ፣ ለአንድ ሱሪ ብዬ ስድስት ወር አኮረፍኩት፤ አስቡት። ሆዱን አሞት ሐኪም ቤት ሄደና «ሪፈር» የሚል ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ወሬውን ሰምቼ ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔው። ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ይሰፋል።

«ሰይዶ፣ አፉ በለኝ» አልኩት።

መኪናውን አቆመና ትክ ብሎ አየኝ።

«አፉ ብየሃለሁ፤ አላህም አፉ ይበልህ።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለካ እንዲህ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያንቀሳቅሰው! ሚስቱ ፋጡማ ብትለምን፣ ሽማግሌ ብትልክ፣ «ሂንዴሙ! አልሄድም አልኩ እኮ! ከሞትኩ አይቀር ልጆቼ መሀል ልሙት» አለ። የቃሉን ትርጉም በደንብ የማውቀው እኔ፣ ሄጄ ለማስረዳት ወር ፈጀብኝ። አፍሬ ነበር። በመጨረሻ ስነግረው ሳቀብኝ፤ ግን እሺ አለና ይዘነው ሄድን። ደሴ ያየው ሐኪም «ምነው ትንሽ ቀደም ብሎ በመጣ» አለን።

በሦስተኛው ቀን እኛ የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ሰዎች አስከሬኑን ይዘን ተመለስን። ከቀብር መልስ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የ«ሪፈር» መነሻው ላቲን ነው፤ ጥንት «ተሸክሞ መመለስ» ማለት ነበር ይላል። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ፋጡማ ሳለቅስ ባየችኝ ቁጥር «አፉ ብሎህ የለ እንዴ?» ትለኛለች። ብሎኛል። እሱ አፉ ያለኝ ግን እስከዚያች ቀን ለበደልኩት፣ ለሱሪው ኩርፊያ ነው። ትልቁን በደል የበደልኩት አፉ በለኝ ስለው ነበር።