ከዲሮ ዘሳጉሬ አህያውን በአሰላ መንገድ ያመሰገነበት ዜና

በ፲፱፻፷፭ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የበልግ ዝናብ ቀረ። ገብሱ ሳያሸት ደረቀ። ከብት ከሳ። ሰው ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ሰኔ ገባ፤ ሰማዩ ግን የሰማ አይመስልም ነበር።

ይህም ነገር፣ ምስጋና ቆጣቢው ከዲሮ ዘሳጉሬ ዳለቻ የተባለችውን አህያ በገዛ በአራተኛው ዓመት ሆነ። አባቱ በገበያ መካከል በሬውን «ድንቅ ነህ» ቢለው፣ በሬው በሳምንቱ ገደል ገብቶ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ያመሰገኑትን የሰው ዓይን ይበላዋል ተባለ። ስለዚህ ከዲሮ ላሟ መንታ ብትወልድ «ይሁን»፣ ገብሱ ቢያምር «ይሁን» ይል ነበር። ሚስቱ ዙቤዳ በተዳረች በዓመቱ፣ ወንዝ ሞልቶ ሳለ፣ ጥጃውን በትከሻዋ ተሸክማ ስትሻገር የሳጉሬ ሰው ሁሉ «አጃኢብ» ብሎ አፉን ሲይዝ፣ እርሱ ከማዶ ቆሞ «ይሁን» አለ። ዙቤዳ ጥጃውን አወረደች፤ ቀሚሷን ጨመቀች፤ አልረሳችም።

ወእምዝ፣ አሰላ የሚኖረው የዙቤዳ ወንድም አብዶ የዘር ገብስ ሰጣቸው፤ ባልና ሚስትም በዳለቻ ጭነው ፊታቸውን ወደ ሳጉሬ ባዞሩ ጊዜ፣ ዓመቱን ሙሉ የጠፋው ደመና በጭላሎ ተራራ ራስ ላይ ጠቆረ። ያን ጊዜ ዳለቻ ጽንዕት፣ ከነጭነቷ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት በመንገዱ መካከል ተኛች። ዘሩ ቢርስ በጆንያው ውስጥ ይበቅላል፤ ሌላ ዘርም የለም።

በእርሷም ላይ የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ ሹፌሩ መርሻ ከነጥሩምባው፣ ረዳቱ ጅራቷን ይዞ፣ ጎሚስታው ቱሳ መኪና የሚያነሳበትን ክሪክ ተሸክሞ፣ ትራፊኩ በፊሽካው፣ የድንች ሻጮች አለቃ ወይዘሮ ታየችም ከነሠራዊቷ። መርሻ ከመስኮቱ አዋጅ አስነገረ፦ «የአህያይቱ ጌታ፣ አንሳት፤ አለዚያ እሷን ወንበር ላይ አስቀምጬ አንተን ጣሪያ ላይ እጭናለሁ።» ትራፊኩም «እዚህ መቆም ክልክል ነው» ብሎ አወጀ፤ ታየች ግን «አልቆመችም፤ ተኝታለች» ብላ አዋጁን ሻረች።

በዚህ ጊዜ ዙቤዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንዲህ አወጀች፦ «ስሙ፣ የአሰላ ሰዎች። ይህችን አህያ በየማለዳው የማስነሳት እኔ ነኝ። ጆሮዋ ሥር ካላመሰገኗት አትነሳም፤ እኔው ነኝ ያስለመድኳት። ዛሬ ግን ገብሱን ወንድሜ ሰጠ፤ ምስጋናውን ባሌ ይስጥ።»

ከዲሮ ደመናውን አየ። ሕዝቡን አየ፤ ያ ሁሉ ዓይን እንኳን አንዲት አህያ መንጋ ለመብላት ይበቃል። በላብ ተጠምቆ ጎንበስ አለና «ደህና ነሽ» አላት። ዳለቻ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ሕዝቡም አዘነለት፤ ቃል ያበድረው ጀመር። ቱሳ «ጉድ ነሽ በላት» ቢል፣ ታየች ይህ ለስድብም ይሆናል ብላ በ«ብርቅ ነሽ» ለወጠችው፤ መርሻ «ወደር የለሽ» የሚለውን ሰጠ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌ «ዕፁብ ድንቅ» የሚለውን ጨመሩ። ከዲሮም በአፉ ገብተው የማያውቁትን ቃላት አንድ በአንድ እያላመጠ፣ «ብርቅ ነሽ፤ ወደር የለሽ፤ ዕፁብ ድንቅ ነሽ» አለ፤ ዓይን እንዳይበላትም «ማሻአላህ» ብሎ ዘጋው።

ዳለቻ ተነሳች። ቱሳ ክሪኩን ሳይጠቀምበት መለሰ፤ የድንች ሻጮች ሠራዊት እልል አለ፤ አውቶቡሱም አለፈ።

ጭላሎ ደመናውን ያዘላቸው፤ ዘሩ ሳይርስ ከቤታቸው በታች ካለው ከዚያው ወንዝ ደረሱ። ዙቤዳ አህያይቱን እየነዳች ቀድማ ተሻገረች። ከዲሮ እንደዚያን ጊዜው በወዲህኛው ዳር ቀረ። ዳለቻን አያት፤ ያን ሁሉ ተመስግና አልወደቀችም፤ ሣር ትግጣለች።

ያን ጊዜ ከዲሮ፣ የአሰላን መንገድ ያስከፈተ፣ ሠራዊትና ጥሩምባ ያቃታቸውን በቃል ያስነሳ፣ የአባቱን ፍርሃት በአደባባይ ድል የነሳ፣ ማንም ሳያበድረው እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ዙቤዳ፣ ያን ጊዜ ጥጃውን ተሸክመሽ ስትሻገሪ አጃኢብ ነበርሽ። ዛሬም ነሽ። ማሻአላህ።»

ዕዳውም በዚያ ቀን ተከፈለ። ዙቤዳ ከማዶ ቆማ፣ ቀሚሷን እየጨመቀች፣ «ይሁን» አለች።