ዲግሪ ደብቆ ለማርያም መንገር

ሌባ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚገልጠው ምን ይመስላችኋል? ፍራሽ። በቀደም እዚሁ ማርቆስ፣ ከሰፈራችን አንዱ ቤት ገብቶ ሌላ ነገር ሳይነካ ፍራሹን ብቻ ገልጦ፣ የሴትዮዋን ሀብል ይዞ ሄደ። ሰዉ ሁሉ "ውስጥ አዋቂ ነው" አለ። የምን ውስጥ አዋቂ? እኔም የማስቀምጠው ፍራሽ ሥር ነው። እናንተስ? ተዉት፣ አትንገሩኝ።

ይህን ለልጄ ለሰብለ ባወራት ሳቀች። ሰብለ ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ፣ ሥራ እስክታገኝ እኔ ዘንድ ተቀምጣለች። ያን ሰሞን ለመቀጠሪያ ፈተና ታጠና ነበር። "እማዬ፣ ኮምፒውተርም እኮ እንዲሁ ነበር" አለችኝ። "ዕቃውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ እያስቀመጠ ሌባ ይለምደው ነበር።"

እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ግን ነገር ካልገባኝ አያስችለኝም። ሽንኩርቴን እየላጥሁ ጠየቅኋት።

ከርነል የሚሉት አለ አለችኝ፤ የማሽኑ ቤት አዛዥ መሆኑ ነው። ፕሮግራሞቹ ዕቃ ማኖሪያ ቦታ የሚቀበሉት ከእሱ ነው። ታዲያ እውነተኛውን ቦታ አይነግራቸውም። ለእያንዳንዱ የይስሙላ ቁጥር ይሰጠዋል። ይኸኛው "አርባ ቁጥር" ይላል፣ ያኛውም "አርባ ቁጥር" ይላል፤ ከርነሉ የመዘገበበትን ሰንጠረዥ አይቶ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ይሰደዋል። አይጋጩም።

"አንድ ቁጥር ለሁለት? እንዴት አይምታታም?" አልኋት። ከዚያ ግን ራሴው ገባኝ። በማኅበራችን በክርስትና ስም አራት ወለተ ማርያም አለን። ለየራሳችን ደግሞ የንስሐ አባት አለን። የኔ አባት "ወለተ ማርያም" ሲሉ እኔን ማለታቸው ነው፤ የሌላዋ አባት ሲሉ እሷን። ስሙ አንድ፣ ሰዉ ሌላ። አንድም ቀን የኔ ቀኖና ተሳስቶ ለሌላዋ ተሰጥቶ አያውቅም። ቢሳሳትስ ምን ነበረበት? ሰብለ እርሳሷን አስቀምጣ "አስተማሪያችን እንዲህ ቢያስረዳን ኖሮ" አለች። ትንሽ ኮራሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሌባውስ? ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ከርነሉ የሚቀመጥበትን ቦታ እንደ ዕጣ ነው የሚያወጣው። ፕሮግራሞቹም በተከፈቱ ቁጥር ዕቃቸው የሚያድረው ሌላ ቦታ ነው። ሌባው በትናንቱ ልማድ እጁን ሲሰድ ባዶ ይጨብጣል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ዘጭ ይላል፣ ይነቃበታል።

"በይ እንግዲህ፣ ሌባ ጠፋ በይኛ" አልኋት። አልጠፋም አለች። ከርነሉ ሲዛወር ጓዙን በተርታው እንዳለ ይዞ ነው የሚዛወረው። የአንዲት ዕቃ ቦታ ሾልኮ ከተሰማ የሌላው ሁሉ ይታወቃል። እሱም ገባኝ። ጥምቀት ላይ በሕዝቡ ብዛት ታቦቱ የት እንደደረሰ አይታይም። ጥላውን ከሩቅ ያየ ሰው ግን ካህናቱም ከበሮውም የት እንዳሉ ያውቃል። "ስለዚህ ዋናው ነገር ወሬ እንዳይሾልክ ነው" አለችኝ ሰብለ።

ምክር አይናቅም። በቤታችን ትልቁ ንብረት የሰብለ ዲግሪ ነው፤ ዋናው፣ ማኅተም ያለበት። ዕለቱን ከፍራሽ ሥር አወጣሁት። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን በሄድሁ ቁጥር ቦታ እለውጥለት ጀመር። አንድ ቀን ጤፍ ጎታ ውስጥ፣ አንድ ቀን የክት ቀሚሴ እጥፋት ውስጥ፣ አንድ ቀን በርበሬ ቆርቆሮ ሥር። ለሰብለ እንኳ አልነገርኋትም። ወሬ እንዳይሾልክ ብላኝ የለ?

ሰብለ ፈተናውን አለፈች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ተደወለላት። ዋናውን ዲግሪ ይዘሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልቀረብሽ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል አሏት።

"እማዬ፣ ዲግሪዬን አምጪልኝ።"

ጎታው ውስጥ የለም። ቀሚሱ ውስጥ የለም። በርበሬው ሥር የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ሰብለ ነገሩ ሲገባት "ሰንጠረዡስ?" አለችኝ።

"የምን ሰንጠረዥ?"

"ከርነሉ እኮ ምን የት እንዳለ መዝግቦ ነው። ነግሬሽ ነበር።"

ነግራኛለች ለካ። እኔ በወለተ ማርያም ኮርቼ ቀርቻለሁ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ቤቱ ተገለባብጧል። ሰብለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ግርግሩን ሰምታ ዘይነባ መጣች። ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፤ መንገዱ ዳር ሱቅ አላት፤ የእሷን መኝታ ቤትና የኔን ጓዳ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

"የሰብለ እናት፣ ቤት ልትለቂ ነው?"

"ኧረ የልጅቷ ዲግሪ ጠፍቶብኝ ነው።"

"እሱ ነው? ጌሾው ከረጢት ውስጥ አይደለም እንዴ?"

ሁለታችንም ዞረን አየናት።

"በርበሬው ሥር የነበረው ባለፈው ሳምንት ነው" አለች ረጋ ብላ። "ትናንት ጠዋት 'እመቤቴ ማርያም፣ ከአምበር በመጣው ጌሾ ውስጥ አድርጌዋለሁ፣ አደራሽን' አላልሻትም? እኔም ለሰው አላወራሁም። የሰሙት አደራም አደራ ነው።"

ለካ ዲግሪውን በደበቅሁ ቁጥር ለእመቤታችን አደራ እላለሁ። አደራ ደግሞ ቦታው ተጠቅሶ ነው። በልቤ የማወራ ይመስለኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔስ አፍ ከጆሮው ይብሳል።

ከጌሾው አራግፈን አወጣነው። ሰብለ ሮጣ ደረሰች። መዝጋቢው ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ "ይህ የመቼ ጥንስስ ነው?" አላት እንጂ ተቀበላት። ማታ ዲግሪዋን ይዛ ስትመለስ ጉንጬን ስማ፣ "እማዬ፣ ሾልኮ የሚወጣው ካንቺ ነው፤ ይህ ቀዳዳ ይደፈን" አለችኝ።

እሺ ብዬ ዲግሪውን ስደብቅ በልቤ መጸለይ ጀመርሁ። እመቤቴ የልብን ታውቃለች። በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ግድግዳውን አንኳኳች።

"የሰብለ እናት፣ ከማርያም ጋር ተጣላችሁ እንዴ?"

"ምን በወጣን፣ በልቤ እየነገርኋት ነው።"

"ታዲያ ዲግሪው ዛሬ የት ነው?"

ላስታውስ ሞከርሁ። አሁንም እየሞከርሁ ነው።

ሰሞኑን ግድግዳ የሚመርግ ሰው አስመጥቼ ነበር። በዘይነባ በኩል ያለውን ስንጥቅ አሳይቶኝ "ይህንን አጥብቄ ልድፈነው?" አለኝ። ዘወር ብዬ አየሁ፤ ሰብለ ሥራ ሄዳለች።

"እሱን ተወው" አልሁት። "ሰንጠረዡ ያለው እዚያ ነው።"