«ምንም የለብህም» ባዮች

«ምንም የለብህም» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ እነሱን ማስረዳት ታከተኝ። አንድ ጊዜ ምግብ መርዞኝ ከዳንሁ ወዲህ፣ በበላሁ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ምርመራው ግን ሁልጊዜ ነጻ ነው። ባለፈው ዘጌ፣ አማቴ ቤት፣ ገና ዓሳውን ስቀምስ ሆዴን ይዤ ተጣጠፍሁ።

«ምንም የለብህም፣ ቅብጠት ነው!» አሉ አማቴ።

በማግስቱ ባሕር ዳር ያየችኝ ሐኪም ግን አመነችኝ።

«አንጀትዎን የሚጠብቁ የመከላከያ ሴሎች አሉ» አለችኝ። «መርዙ ከሄደም በኋላ ሳይረጋጉ ቀርተው ይሆናል። ምግቡን ጠላት እያሉ ነርቮችዎን ይቀሰቅሳሉ።»

የሚያምነኝ በማግኘቴ እንባዬ መጣ። ወዲያው ለአማቴ ደውዬ ሁሉንም አስረዳኋቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦

«ታዲያ ይህን ያህል ጠባቂ ካለህ ምን ያስፈራሃል? መጥተህ ብላ እንጂ!»