ጋሽ ባለቤቱ-ማነው

ሰው ሁሉ በአንድ ፎቶ ከት ብሎ ሲስቅ «ቆይ፣ ይሄን ማን ነው ያነሳው?» ብሎ ሳቁ ላይ ውኃ የሚቸልስ አንድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። የልጆች መጻሕፍት በሚያዘጋጀው በዚያ ጠባብ ቢሮ ይህን ማዕረግ የያዘው ፕሮግራመሩ ነበር። «ጋሽ ባለቤቱ-ማነው» የሚለውን ስም ያወጣችለት አጠገቡ የምትቀመጠው ሠዓሊ ናት። ብታወጣለት ይፈረድባታል? ከሁሉ የተንገበገበችው እሷ ነበረች።

ሌላው ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ «እስማማለሁ» የሚለውን ሲጫን፣ የተከበሩ ጋሽ ባለቤቱ-ማነው ውሉን ከአናቱ እስከ እግሩ ያነባሉ። አዲስ ማተሚያ የመጣ ጊዜ እሱ ውሉን አንብቦ እስኪጨርስ ቢሮው ሥራ ፈቶ ዋለ።

«አንተ ሰው፣ ማሽኑን ልታገባው ነው እንዴ?» አለው አለቃው።

«ጋብቻማ ይሻላል፤ መፋቻ አለው» አለ ረጋ ብሎ።

በገዛ እህቱ ሠርግ ላይ እንኳ ሙዚቃ የሚያጫውተውን ሰውዬ ጥግ አስይዞ ስለ ዘፈኖቹ ፈቃድ ሲመረምር እናቱ ናት በክንዱ ጎትታ ያወጣችው።

አንድ ቀን ሠዓሊዋ ለመጽሐፍ ሽፋን የሚሆን የወፍ ሥዕል ከኢንተርኔት አወረደች። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው፤ አለቃው በር ላይ ይንጎራደዳል።

«ባለቤቱ ማነው?» አለ የወንበር ጎረቤቷ፣ ጋሽ ባለቤቱ-ማነው።

«ኢንተርኔት ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት!»

«ልጅ መንገድ ላይ ብታገኚ ታቅፈሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ?»

ደሟ ፈላ። ወፏን አጠፋችና በንዴት የራሷን ወፍ ሣለች፤ ክንፏን ዘርግታ፣ አንገቷን ጠምዝዛ ሰው የምትታዘብ ወፍ። ያየ ሁሉ ወደዳት። ጋሽ ባለቤቱ-ማነውም ወደዳት፤ አለቃውን አስፈቅዶ ሠዓሊዋን ጎኑ አስቀመጠና ሥዕሉን በክፍት ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ አስለጠፋት። ማንም በነጻ ይውሰድ፣ ይጠቀም፤ የሠዓሊዋን ስም ግን ይጥቀስ። «ማን ሊወስዳት ነው?» ብላ ሳቀችበት።

ወሰዷት። ወራት አልፈው ሠዓሊዋ ሱቅ ገብታ ጭማቂ ስታነሳ፣ ካርቶኑ ላይ የገዛ ወፏ ታየቻት። ከሥሯ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ጭማቂውን መልሳ አስቀምጣ ባዶ እጇን ወጣች።

«ተወው» አለችው በማግስቱ ነገሩን ነግራው። «ማን ይሰማኛል?»

እሱ ግን ኮቱን ለብሶ ነበር። አብረው ጭማቂ ፋብሪካው ድረስ ሄዱ። የማስታወቂያ ኃላፊው ወንበር ላይ ተንጋሎ «ነጻ ነው ተብሎ የለም እንዴ?» አላቸው።

ሠዓሊዋ ጎረቤቷ ጮኾ ሲያሳፍራት ታያት። እሱ ድምፁንም አላነሳ። «ነጻ ነው ጌታዬ። በሯን ከፍታ ግቡ ነው ያለችው። ገብተው፣ ጠጥተው፣ ሲወጡ ሌላ ሰው አመስግነዋል።»

 ኃላፊው ፈቃዱን ኮምፒውተር ላይ አስከፈተና አነበበ፤ ሲያነብ ጋሽ ባለቤቱ-ማነው አልቸኮለም፤ እንደ እሱ የሚያነብ ሰው በማግኘቱ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ኃላፊው ቀና ሲል ወደ ሠዓሊዋ ዞረ። «ይቅርታ፣ እህቴ። ስምሽ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አላት።

አዲሱ ካርቶን ሲወጣ «ሥዕል ደግሞ ሥራ ነው?» እያለ ያሳደጋት አባቷ ጭማቂውን ጠጥቶ ባዶውን ካርቶን አጥቦ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው። ከዚያም «ያንን ሰውዬ ምሳ ጥሪው» አላት።

እንግዳው መጣ። ገና እጁን ሳይታጠብ ግድግዳ ላይ ያለውን የቤተሰብ ፎቶ ማን እንዳነሳው ጠየቀ፤ አባትየውም የፎቶ አንሺውን ስም ለማስታወስ ምሳው እስኪቀዘቅዝ ተጨነቀ። ከሸኙት በኋላ ወንድሟ ተነፈሰ።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ! እንዴት ነው ቀኑን ሙሉ የምትችሉት? ያደክማል እኮ!»

«ያደክማል» አለች ሠዓሊዋ ሳህን እያነሳች። «ግን እኛ የቢሮው ሰዎች ስንለው ነው። አንተ አፍህን እንዳታነሳበት።»