ለፊልሙ ወራሽ የቆሙት ሽማግሌዎች

ፊልም አይቶ አስተያየቱን በሆዱ የሚይዝ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በእኛ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እስካሁን አልተገኘም።

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴን የጋሽ ተሾመን ልጅ ሰላማዊትን ለአንድ መካኒክ ለመጠየቅ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እኔም በጎረቤትነት ተጠርቼ ነበር። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥምና፣ ሦስቱም በወጉ መሠረት ቆሙ፤ የቆሙት ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ነው። ጋሽ ተሾመ ደግሞ አንድ የቆየ የፍቅር ኮሜዲ ይዟቸዋል፦ የሀብታም ወራሽ የሆነ ወጣት አንዲት የዳቦ ቤት ሠራተኛ ይወዳል፤ እናቱ ውርሱን እነጥቅሃለሁ ትለዋለች።

"ጋረዳችሁኝ፤ ተቀመጡ እስኪያልቅ" አሏቸው።

ተቀመጡ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

"ሽማግሌ ሳይልክ ቀለበት ያወጣል እንዴ ይሄ?" አሉ ጋሽ ተሾመ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆሙ።

"ማንን ይላክ? እናቱ እንደሆነች ፊት ነስታዋለች" አሉ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ። "እኛ እንቁምለት።"

"ሥራ እኮ የለውም።"

"ውርስ አለው።"

"ከተነጠቀስ?"

"ያኔ ይሠራል። ዋሱ እኛ ነን።"

ጋሽ ተሾመ የዳቦ ቤቷ ልጅ አባት የሆኑ ያህል አንገታቸውን ደፍተው አሰቡ። በመጨረሻ "በሉ እሺ፣ ሰጥቻለሁ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ፤ የተሳካለት ሰው ፊት ይዘውም ደረጃውን ወረዱ።

ሰላማዊት በአዲስ ቀሚሷ ከጓዳ ብቅ አለች።

"አባዬ፣ የእኔስ?"

"አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ?" አሉ ጋሽ ተሾመ።

ምስክርነቴን እሰጣለሁ፤ ማንም አልጠየቃትም።