የእሜቴን ዱካ የሚያነቡት አያ አበጀ

የት እንደዋልህ ከአንተ አብልጦ የሚያውቅ ሰው የሌለበት አገር የለም። የእኛ የስማዳዎቹ አያ አበጀ ይባሉ ነበር። የሌላው አገር ሰው ይህን የሚያውቀው በሐሜት ነው፤ እሳቸው ግን ከመሬት ላይ ያነቡታል።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። ከበሽሎ ወንዝ በላይ ያለው ቆላ አደን የተከለከለበት የመንግሥት ክልል ሆኖ፣ አያ አበጀ አንበሶቹን እየተከታተሉ እንዲያስታውቁ ተሾሙ። እኔ ወገዳ ከተማ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጡ አንበሶቹ የት እንደሰነበቱ ያስጽፉኛል። መሪዋን አሮጊት አንበሳ «እሜቴ» ነው የሚሏት፤ ያውም በአንቱታ።

«እሜቴ ሰባት አስከትለው ወደ ወንዙ ወርደዋል፤ የፊት ግራ እግራቸውን ያማቸዋል» ይሉኛል። «ያማታል» ብዬ ከጻፍሁ አስነብበው ያሰርዙኛል።

ክፋቱ፣ ዓይናቸው የሰውንም ዱካ አያልፍም። አንድ እሑድ ወርቁ የሚባል ጎረቤታችን፣ የታመመች አማቱን ጠይቆ እንደመጣ ለሚስቱ ሲነግር፣ አያ አበጀ ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩና፣ «የመጣው በካሣነሽ ጠላ ቤት በኩል ነው፤ እግሩም ይጠላለፋል» አሉ። ወርቁ ከዚያ ወዲያ መንገድ ትቶ በሣር በሣሩ ሆነ የሚሄደው።

«አፍ ይዋሻል፤ እግር አይዋሽም» ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር አልወዳቸውም ነበር።

አንድ ጥቅምት፣ የአንበሶቹን ቆጠራ በዓይንህ አረጋግጥ ተብዬ አብሬያቸው ወረድሁ። ቆላውን ጉም ሞልቶታል። ወፍ የለ፣ ዝንጀሮ የለ። ስምንቱን ዱካ ስንከተል አርፍደን ድንጋዩ ላይ ጠፋብንና ተመለስን። ጠዋት ያለፍንበት ጭቃ ላይ ስንደርስ የረገጥሁትን የጫማዬን ምልክት አየሁት። በላዩ ላይ የአንበሳ መዳፍ አርፎበታል፤ ውኃ ገና እየሰረገበት ነው።

«አያ አበጀ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቆየ ነው» አሉ። ሲዋሹ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «አንተ ፊት ፊት ሂድ። አትሩጥ። ዞረህም አትይ።»

ከኋላዬ ሆነው፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን የማንን ድንበር እንደገፋ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወሩ ጀመር። ሣሩ በግራም በቀኝም ይንሿሿል። ቆም ስንል ሣሩም ቆም ይላል። አንዴ ቀስ ብለው፣ «እሜቴ፣ ልጁ እንግዳ ነው፤ ያሳልፉን» ሲሉ ሰማሁ። ከሣሩ ውስጥ ከባድ ትንፋሽ ተሰማ፣ ያውም ከሰው የማይወጣ።

አፋፉ ላይ ስንወጣ እጥፍ ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸው በላብ ርሷል።

«ስንት ነበሩ?» አልኋቸው።

«ስምንቱም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትሮጣለሃ! የሮጠ ሁሉ ለእነሱ ሚዳቋ ነው።»

«እርስዎስ ለምን ከኋላ ሆኑ?»

«ጸሐፊው ከተበላ ማን ይጽፍልኛል?»

ከወር በኋላ ብቻቸውን ወረዱና በቀናቸው ሳይመለሱ ቀሩ። በአራተኛው ቀን፣ እግራቸው ወለም ብሏቸው፣ ምርኩዝ ተደግፈው ወጡ። መጥፋታቸውን ሰምቶ አገሩ ሁሉ አፋፉ ላይ ተሰብስቧል፤ ወርቁም አለ።

«አንተስ መቼ መጣህ?» አሉኝ።

«አሁን፣ በዚህ ሳልፍ» አልሁ።

ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩ። ሦስት ቀን ሙሉ የተመላለስሁበት ሣር ተኝቶ፣ የጫማዬ ዱካ እርስ በርሱ ተደራርቦ ነበር። ወርቁ፣ ዛሬስ የጸሐፊው ተራ ነው ብሎ፣ ፈገግ እያለ ይጠብቃል።

አያ አበጀ በምርኩዛቸው አፈሩን ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ «እዚህስ የሚነበብ ነገር የለም» አሉ።